ከአንድ ኩንታል ኑግ ስንት ሊትር ዘይት? የቅባት እህል ዘይት ማውጫ ዘዴዎች ሲነጻጸሩ

ኢትዮጵያ ኑግ፣ ሰሊጥ፣ ተልባ፣ ሱፍ፣ ጎመን ዘር፣ ለውዝና አኩሪ አተርን የመሳሰሉ የቅባት እህሎች በስፋት ከሚመረቱባቸው የአፍሪካ አገሮች አንዷ ናት። ይሁንና ለዓመታት የሕዝቧን የምግብ ዘይት ፍላጎት በአብዛኛው ስታሟላ የቆየችው ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ በሚገባ የፓልም ዘይት ነው። ይህንን ክፍተት ለማጥበብ የቅባት እህል የሚዘራበትን መሬት ማስፋትና ምርታማነትን ማሳደግ ዋነኛው መንገድ መሆኑ በተደጋጋሚ ይነሳል። ከማሳው ባልተናነሰ ግን ሌላም ትኩረት የሚሻ ጉዳይ አለ፤ እርሱም ከተሰበሰበው ዘር ውስጥ ምን ያህሉ ዘይት በእርግጥ ይወጣል፣ ምን ያህሉስ በፋጉሎው ውስጥ ቀርቶ ይባክናል የሚለው ነው።

ዘይትን ከዘር ለመለየት የሚያገለግሉ ዘዴዎች ከሙቀጫና ከፈላ ውኃ አንስቶ እስከ ግዙፍ የኬሚካል ፋብሪካዎች ይዘልቃሉ። እያንዳንዱ ዘዴ የራሱ ጠቀሜታ፣ ወጪና አደጋ አለው። በአንድ ዘር ላይ አመርቂ ውጤት የሚያስገኘው ዘዴም በሌላው ላይ አክሳሪ ሊሆን ይችላል።

የዘሮቹ ዓይነትና የዘይት ይዘታቸው

የማውጫ ዘዴን ለመምረጥ በቅድሚያ መታወቅ ያለበት ዘሩ ውስጥ ያለው የዘይት መጠን ነው። ከአገራችን የቅባት እህሎች መካከል ከፍተኛ የዘይት ይዘት ያላቸው ሰሊጥና ለውዝ ሲሆኑ፣ ከክብደታቸው ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። በሁመራ፣ በመተማና በወለጋ የሚመረተው ሰሊጥ በአብዛኛው ሳይጨመቅ በጥሬው ወደ ውጭ ይላካል። የሁመራው ሰሊጥ በእስራኤል ለጣሂና ዝግጅት ተመራጭ ከመሆኑ የተነሳ በአካባቢው ስም ይታወቃል።

የትውልድ ምድሩ ኢትዮጵያ እንደሆነች የሚነገርለት ኑግ ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚደርስ ዘይት ይዟል። ጎጃም፣ ጎንደር፣ ወለጋና ሸዋ በስፋት የሚበቅልባቸው አካባቢዎች ናቸው። የኑግ ዘይት ሊኖሊክ አሲድ በተሰኘው ለጤና ጠቃሚ የስብ ዓይነት የበለጸገ ነው። በአርሲ፣ በባሌና በሸዋ ደጋማ አካባቢዎች የሚመረተው ተልባም ከ35 በመቶ በላይ የዘይት ይዘት አለው። ጎመን ዘር ከተልባ ጋር ተቀራራቢ የሆነ የዘይት መጠን ያለው ሲሆን፣ የፈረንጅ ሱፍም እስከ 45 በመቶ ዘይት ሊይዝ ይችላል።

በአንጻሩ የአኩሪ አተር የዘይት ይዘት ከ18 እስከ 20 በመቶ ብቻ ሲሆን የጥጥ ፍሬም ከዚህ ብዙ አይርቅም። አኩሪ አተር በዋናነት የፕሮቲን ሰብል ነው ለማለት ይቻላል፤ ዘይቱ ከፕሮቲኑ ጎን ለጎን የሚገኝ ምርት ነው። በእነዚህ ሁለት የዘር ምድቦች መካከል ያለው ልዩነት የማውጫ ዘዴዎችን ንጽጽር የሚወስን ቁልፍ ጉዳይ ነው።

ከመጭመቂያው በፊት የሚከናወኑ ሥራዎች

በየትኛውም ዘዴ ቢሆን የዘይቱ መጠንና ጥራት የሚወሰነው በአብዛኛው ዘሩ ወደ ማሽኑ ከመግባቱ አስቀድሞ ነው። የመጀመሪያው ሥራ ማበጠር ነው። በዘሩ ውስጥ የሚቀር አፈርና ጠጠር የመጭመቂያውን ብረት ያለጊዜው ይበላል፤ ገለባውም ዘይት መጥጦ ያስቀራል። ከሁሉ የከፋው ግን ከዘሩ ጋር የሚቀላቀለው የመርዛማ አረም ፍሬ ነው።

ለዚህም በሕንድ የደረሰውን መጥቀስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1998 በዴልሂ ከተማ አርጌሞን በተሰኘ አረም ዘይት የተበከለ የሰናፍጭ ዘይት የተመገቡ ከ60 በላይ ሰዎች ሕይወታቸው ሲያልፍ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ደግሞ ሰውነትን በሚያሳብጥና ልብን በሚጎዳ በሽታ ተጠቅተዋል። «ከኑግ ጋር የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» የሚለው የአገራችን ብሂል ለሰሊጡ ያዘነ ነው፤ በዘይት መጭመቂያ ቤት ግን አብሮ የተወቀጠ አረም ዋጋ የሚያስከፍለው በላተኛውን ነው።

ሁለተኛው ሥራ እርጥበትን መቆጣጠር ነው። እርጥበት የበዛበት ዘር በመጭመቂያው ውስጥ እንደ ጭቃ ይላቁጣል እንጂ አይጨመቅም። ከመጠን በላይ የደረቀው ደግሞ ይፈረፈርና ዘይቱን በደቃቅ ብናኝ ይሞላዋል። ለአብዛኞቹ ዘሮች ከ5 እስከ 8 በመቶ የሚሆን እርጥበት ለጭመቃ ምቹ ነው። ከዚህም በተጨማሪ በእርጥብ መጋዘን የሰነበተ ወይም የተሰባበረ ዘር ውስጥ ዘይቱ ወደ አሲድነት ስለሚለወጥ፣ የሚገኘው ዘይት ቶሎ የሚሻግት ይሆናል።

ሦስተኛው ማድቀቅ ሲሆን አራተኛው ማሞቅ ነው። ዘይቱ በዘሩ ውስጥ የሚገኘው በረቂቅ ሕዋሳት ተከፋፍሎና በግድግዳ ታጥሮ ነው። ዘሩ ሲሰበርና በስሱ ሲዳመጥ የግድግዳዎቹ ብዛት ይቀንሳል። በ90 እና በ110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ሲሞቅ ደግሞ የቀሩት ይፈርሳሉ፤ ዘይቱ ይቀጥናል፤ ፕሮቲኑም ረግቶ ዘይቱን ይለቃል። የአገራችን እናቶች ኑጉን ከመውቀጣቸው በፊት በምጣድ ማመሳቸው ይህንኑ ሥራ የሚያከናውን እርምጃ ነው።

ባህላዊው ዘዴ

በገጠር የቤት እመቤቶች ዘንድ የቆየው ዘዴ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ኑጉ ይለቀማል፤ ለስለስ ባለ እሳት ይታመሳል፤ በሙቀጫ ይወቀጥና ይልማል። ከዚያም የፈላ ውኃ እየተጨመረበት በደንብ ይማሰላል። ውኃው ወደ ዱቄቱ ሲገባ ዘይቱን ከተጣበቀበት ያላቅቀዋል፤ ዘይቱም ከውኃ የቀለለ በመሆኑ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። የተንሳፈፈው ዘይት ተቀድቶ የቀረው ውኃ እስኪተን በእሳት ይፈላል።

የዚህ ዘዴ ብልጫ ኤሌክትሪክና ማሽን አለመፈለጉ፣ እንዲሁም የተጠቃሚው ቤተሰብ የሚበላውን ዘይት ምንጭ በዓይኑ ማየቱ ነው። ጉድለቱ ግን ጉልህ ነው። የዘይቱ ከፍተኛ ድርሻ በዝቃጩ ውስጥ ይቀራል፤ የማገዶና የጉልበት ፍጆታውም ከሚገኘው ምርት ጋር አይመጣጠንም። የሥራው ጫና የሚያርፈውም በሴቶች ላይ ነው። በዘይቱ ውስጥ ጥቂት ውኃ ከቀረ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሊቀመጥ አይችልም።

ከሙቀጫ ከፍ የሚለው ዘዴ በእንስሳት ጉልበት የሚዞር መጭመቂያ ነው። በጎረቤት ሱዳን «አሳራ» የሚባለው በግመል የሚሽከረከር የሰሊጥ መጭመቂያ፣ በሕንድ ደግሞ በበሬ የሚዞረው «ጋኒ» ለዘመናት አገልግለዋል። ሁለቱም አሠራራቸው ተመሳሳይ ነው፤ በትልቅ የእንጨት ሙቀጫ ውስጥ የቆመ ዘነዘና እንስሳው በዞረ ቁጥር ዘሩን ከግድግዳው ጋር እያሸ ዘይቱን ያወጣዋል።

የእጅና የሃይድሮሊክ መጭመቂያዎች

እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ እ.ኤ.አ. በ1795 የፈጠራ ባለቤትነት ያገኘበት የሃይድሮሊክ መጭመቂያ በዘይት ማውጣት ሥራ ውስጥ አዲስ ምዕራፍ ከፍቷል። በዚህ ዘዴ የደቀቀውና የሞቀው ዘር በጨርቅ ወይም በከረጢት ተጠቅልሎ በሰሌዳዎች መካከል ይደረደራል፤ በፈሳሽ ግፊት የሚገፋው ፒስተን ሰሌዳዎቹን ሲያጠብቅ ዘይቱ ይንጠፈጠፋል። የሚገኘው ዘይት ንጹህ ነው። ሆኖም እያንዳንዱን ዙር መሙላት፣ መጭመቅና ማራገፍ ግድ ስለሚል ሥራው አዝጋሚና ብዙ የሰው ኃይል የሚጠይቅ ነው።

ለአነስተኛ አምራቾች ታስበው የተሠሩ በእጅ የሚንቀሳቀሱ መጭመቂያዎችም አሉ። ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በታንዛኒያ የተሠራው ሲሆን፣ ረጅም ዘንግ ወደ ላይና ወደ ታች በማንቀሳቀስ የፈረንጅ ሱፍን ከነልጣጩ ለመጭመቅ ያስችላል። እንዲህ ያለው መሣሪያ ኤሌክትሪክ ባልደረሰባቸው መንደሮች ጠቃሚ ነው፤ የሚሠራው ግን ልጣጩ ስስ በሆነ ዘር ላይ ነው።

ጠመዝማዛው መጭመቂያ

በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች በሚገኙ የዘይት መጭመቂያ ቤቶች በብዛት የሚታየው ማሽን በተለምዶ «ኤክስፔለር» የሚባለው ነው። ይህንን ማሽን እ.ኤ.አ. በ1900 በባለቤትነት ያስመዘገበው አሜሪካዊው ቫለሪየስ አንደርሰን ነበር። አሠራሩ ከሥጋ መፍጫ ጋር ይመሳሰላል። በብረት ፍርግርግ በተሠራ በርሜል ውስጥ የሚሽከረከር ጠመዝማዛ ዘንግ ዘሩን ወደ ፊት ይገፋል፤ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ክፍተቱ ስለሚጠብ ግፊቱ ያይላል። ዘይቱ በፍርግርጉ መካከል እየተንጠፈጠፈ ሲወርድ ፋጉሎው በጫፍ በኩል እየተቀረፈ ይወጣል።

የዚህ ማሽን ዋነኛ ብልጫ ሥራው ሳይቋረጥ መቀጠሉ ነው። በሰዓት ጥቂት ኪሎ ግራም ከሚጨምቀው አንስቶ በቀን በመቶዎች የሚቆጠሩ ቶኖችን እስከሚያስተናግደው ድረስ በልዩ ልዩ መጠን ይሠራል። ምንም ዓይነት ኬሚካል አይጠቀምም፤ በአካባቢ የሚገኝ መካኒክም ሊጠግነው ይችላል። ፋጉሎው ደግሞ ወዲያውኑ ለከብት መኖ ይሸጣል።

ጉድለቱ በፋጉሎው ውስጥ የሚያስቀረው ዘይት ነው። በጥሩ ሁኔታ የተያዘና ዘሩ በአግባቡ የተዘጋጀለት ማሽን ከ6 እስከ 10 በመቶ የሚሆን ዘይት በፋጉሎው ውስጥ ያስቀራል። ዘንጉና ፍርግርጉ በሥራ ብዛት ከተበሉ፣ ወይም ዘሩ ሳይሞቅ ከገባ ግን ይኸው መጠን ወደ 15 በመቶና ከዚያም በላይ ያሻቅባል። በዚህም ምክንያት አንዳንድ ባለቤቶች ፋጉሎውን ደጋግመው ያስጨምቃሉ። ይህ አሠራር የተወሰነ ተጨማሪ ዘይት ቢያስገኝም ኤሌክትሪክ ያባክናል፤ ሙቀቱ ስለሚጨምርም የዘይቱን ቀለም ያጠቁራል።

ሌላው የጭመቃ ዓይነት ዘሩን ቀድሞ ሳያሞቁ፣ የዘይቱንም ሙቀት ዝቅ አድርጎ የሚከናወነው ቀዝቃዛ ጭመቃ ነው። ዘዴው የሚያስገኘው የዘይት መጠን አነስተኛ ቢሆንም የዘሩን ጣዕም፣ መዓዛና ተፈጥሯዊ ንጥረ ነገሮች ይጠብቃል። በተለይ የተልባ ዘይት በሙቀትና በአየር በቀላሉ ስለሚበላሽ ለምግብነት ሲፈለግ የሚመረጠው በዚህ መንገድ የተገኘው ነው። ሰሊጥ በበኩሉ ዘይቱን ከመሻገት የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮችን በተፈጥሮው ስለያዘ፣ ሳይጣራ ከሚሸጡ ዘይቶች ይልቅ የመቆየት አቅም አለው።

በአሟሚ ፈሳሽ ማውጣት

ዘይትን በግፊት ሳይሆን በማሟሟት መለየት እንደሚቻል በተግባር ያሳየው ፈረንሳዊው ኤድዋርድ ዳይስ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1855 ነበር። ያን ጊዜ የተጠቀመበት ፈሳሽ ካርቦን ዳይሰልፋይድ ነበር። በአሁኑ ወቅት በዓለም ዙሪያ በስፋት የሚሠራበት አሟሚ ከነዳጅ ዘይት የሚገኘው ሄክሴን ነው።

በዚህ ዘዴ ዘሩ በስሱ ከተዳመጠ በኋላ በተንቀሳቃሽ ማመላለሻ ላይ እየተጓዘ ሄክሴን በተደጋጋሚ ይፈስበታል። ንጹሁ ሄክሴን የሚያገኘው ዘይቱ ሊያልቅ የተቃረበውን ዘር ነው፤ በዘይት የተሞላው ሄክሴን ደግሞ አዲስ የገባውን ዘር ያጥባል። ሄክሴን 69 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚፈላ ከዘይቱ ለመለየት ብዙ ሙቀት አይጠይቅም። ተንኖ፣ ቀዝቅዞና ወደ ፈሳሽነት ተመልሶ ደግሞ ደጋግሞ ይሠራበታል። በፋጉሎው ውስጥ የቀረው ሄክሴንም በእንፋሎት እንዲወጣ ይደረጋል። በመጨረሻም በፋጉሎው የሚቀረው ዘይት ከ1 በመቶ በታች ይሆናል።

ይህ ውጤት ግን ከባድ ኃላፊነት ያስከትላል። የሄክሴን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በጉድጓድና በቦይ ይጠራቀማል፤ በአየር ውስጥ ያለው መጠን 1 በመቶን በጥቂቱ ሲያልፍ ደግሞ በአንዲት የእሳት ብልጭታ ይፈነዳል። እ.ኤ.አ. የካቲት 13 ቀን 1981 በአሜሪካ ሉዊቪል ከተማ ከአንድ የአኩሪ አተር ማቀነባበሪያ ወደ ፍሳሽ ማስወገጃ ቱቦ የገባ ሄክሴን ተቀጣጥሎ በርካታ የከተማዋን ጎዳናዎች ከሥራቸው ገልብጧል። ትነቱን ለረጅም ጊዜ የሚተነፍሱ ሠራተኞችም በእጅና በእግር ነርቮቻቸው ላይ ጉዳት ይደርስባቸዋል። ስለሆነም እንዲህ ያለው ክፍል ከሌሎች የፋብሪካ ሕንጻዎች ተነጥሎ ይሠራል፤ ብልጭታ የማያመነጩ ሞተሮችና የትነት መቆጣጠሪያ መሣሪያዎችም ይገጠሙለታል።

በተጠቃሚው ዘንድ ደጋግሞ የሚነሳው ጥያቄ ሄክሴን በዘይቱ ውስጥ ይቀራል ወይ የሚለው ነው። በአግባቡ በተጣራ ዘይት ውስጥ የሚቀረው መጠን እጅግ አነስተኛ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ ከ1 ሚሊ ግራም በኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ገድቧል። በዚህ ዘዴ የተገኘ ድፍድፍ ዘይት ሳይጣራ ለምግብነት ሊውል አይችልም። ከዚህም ሌላ ፋብሪካው አዋጭ የሚሆነው በቀን በመቶዎች የሚቆጠሩ ቶኖች ሲያገኝ በመሆኑ የማያቋርጥ የዘር አቅርቦት ይሻል።

የዘይት ይዘታቸው ከፍተኛ ለሆኑ ዘሮች ትላልቅ ፋብሪካዎች ሁለቱን ዘዴዎች አጣምረው ይጠቀማሉ። ዘሩ በቅድሚያ በጠመዝማዛ መጭመቂያ ቀለል ብሎ ይጨመቅና በፋጉሎው ውስጥ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆን ዘይት ሲቀር ወደ ሄክሴኑ ክፍል ይዛወራል። በዚህም የማሽኑ ዕድሜ ይረዝማል፤ የሚያስፈልገው የአሟሚ መጠንም ይቀንሳል።

በሄክሴን ምትክ ሌሎች አማራጮችም ተሞክረዋል። ከእነዚህ አንዱ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከ31 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከ74 ባር በላይ በማድረግ በፈሳሽና በጋዝ መካከል ባለ ሁኔታ ለማሟሚያነት መጠቀም ነው። ዝቃጭ የማይተው ንጹህ ዘዴ ቢሆንም ከፍተኛ ግፊት የሚችሉት ጋኖች ዋጋቸው ውድ በመሆኑ፣ አገልግሎቱ ለመዋቢያና ለመድኃኒት የሚውሉ ውድ ዘይቶችን ከማውጣት ብዙም አላለፈም።

ንጽጽሩ በአኃዝ

የዘዴዎቹን ልዩነት ለመረዳት 38 በመቶ ዘይት ያለውን አንድ ኩንታል ኑግ በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። በዚህ ኩንታል ውስጥ 38 ኪሎ ግራም ወይም 41 ሊትር ያህል ዘይት ይገኛል። ቀሪው 62 ኪሎ ግራም ፕሮቲን፣ ልጣጭና ሌላው ክፍል ነው።

በፋጉሎው 10 በመቶ ዘይት የሚያስቀር ጤናማ ጠመዝማዛ መጭመቂያ 69 ኪሎ ግራም ያህል ፋጉሎና 31 ኪሎ ግራም ዘይት ይሰጣል፤ ይህም 34 ሊትር ገደማ ነው። ዘንጉ የተበላ፣ 15 በመቶ የሚያስቀር ማሽን ከዚያው ኩንታል የሚሰጠው 29 ሊትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። በፋጉሎው 1 በመቶ ብቻ የሚያስቀረው የሄክሴን ዘዴ ደግሞ ከ40 ሊትር በላይ ያስገኛል።

ከእነዚህ አኃዞች ሁለት ቁም ነገሮች ይወጣሉ። የመጀመሪያው በጤናማ ማሽንና በሄክሴን መካከል ያለው ልዩነት በኩንታል 7 ሊትር ገደማ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በጤናማና በተበላ ማሽን መካከል ያለው ልዩነት በኩንታል ከ4 ሊትር በላይ መድረሱ ነው። በቀን 20 ኩንታል ኑግ የሚጨምቅ አነስተኛ ድርጅት ማሽኑን ባለመጠገኑ ብቻ በየቀኑ ከ80 ሊትር በላይ ዘይት ከፋጉሎው ጋር ይሸጣል ማለት ነው።

የአኩሪ አተር ስሌት ከዚህ የተለየ ነው። 19 በመቶ ዘይት ያለው አንድ ኩንታል አኩሪ አተር በፋጉሎው 7 በመቶ ብቻ በሚያስቀር ጥሩ ማሽን ቢጨመቅ የሚገኘው 14 ሊትር ሲሆን፣ በዘሩ ካለው ዘይት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ባክኗል። በሄክሴን ግን 20 ሊትር ያህል ይገኛል። በሌላ በኩል ግማሽ ክብደቱ ዘይት የሆነ አንድ ኩንታል ሰሊጥ 10 በመቶ በሚያስቀር ማሽን 48 ሊትር ሲያስገኝ፣ የባከነው ከዘሩ ዘይት 11 በመቶ ብቻ ነው። የአኩሪ አተር ኢንዱስትሪ በዓለም ዙሪያ በአሟሚ ዘዴ ላይ የተመሠረተውና ሰሊጥ በጭመቃ ብቻ አዋጭ የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ፋጉሎው እንደ ሁለተኛ ምርት

የማውጫ ዘዴ ሲመረጥ የፋጉሎው እጣ ፈንታም አብሮ መታየት አለበት። የኑግ ፋጉሎ ለወተት ላሞችና ለሚደልቡ ከብቶች የፕሮቲን ምንጭ ሆኖ በስፋት ያገለግላል። በፋጉሎው ውስጥ የቀረ ዘይት ለከብቱ ጉልበት ስለሚሰጥ ሙሉ በሙሉ ባከነ አይባልም፤ ዳሩ ግን በመኖ ዋጋ የተሸጠ ዘይት ነው። ከመጠን በላይ ዘይት ያለው ፋጉሎም በመጋዘን ውስጥ ቶሎ ይሻግታል።

መጨመቅ በዘሩ ውስጥ ያለን መርዝ አያጠፋም። የጉሎ ፍሬ ራይሲን የተባለው ገዳይ መርዝ በዘይት ስለማይሟሟ ሙሉ በሙሉ የሚቀረው በፋጉሎው ነው፤ ስለዚህ የጉሎ ፋጉሎ እንዲሁ በጥሬው ለከብት ሊሰጥ አይገባም። በጥጥ ፍሬ ውስጥ ያለው ጎሲፖል በዘይቱም በፋጉሎውም ይገኛል፤ በመሆኑም የጥጥ ዘይት የግድ መጣራት አለበት። ለረጅም ጊዜ ለምጣድ ማሰሻነት ያገለገለው ነባሩ ጎመን ዘር ደግሞ ኢሩሲክ አሲድ የበዛበት ዘይት ያለው ሲሆን፣ ፋጉሎውም በብዛት ሲሰጥ እንስሳትን የሚጎዱ ንጥረ ነገሮችን ይዟል።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚያሻው አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ነው። መርዙ እርጥበት ባለበት መጋዘን በተከማቸ ዘር ላይ ይፈጠራል፤ ዘሩ ሲጨመቅም አብዛኛው በፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሞ የወጣ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ የወተት እርባታ ላይ የተካሄደ ጥናት በአብዛኞቹ የወተት ናሙናዎች ውስጥ ከዚሁ መርዝ የሚመነጭ ንጥረ ነገር ማግኘቱን ገልጾ፣ ለዚህም ዋነኛው ምንጭ የኑግ ፋጉሎ መሆኑን አመልክቷል። በዘሩ አያያዝ ላይ የታየ ቸልተኝነት በዘይት ብቻ ሳይወሰን በወተት በኩል ወደ ሕጻናት ገበታ ይደርሳል።

ማጣራት ለምን አስፈለገ?

ከአነስተኛ መጭመቂያ ቤቶች የሚወጣው ዘይት በአብዛኛው ከተቀመጠና በጨርቅ ከተጣራ በኋላ በቀጥታ ለገበያ ይቀርባል። የተሟላ የማጣራት ሂደት ግን አራት ደረጃዎች አሉት። በውኃ ወይም በአሲድ ሙጫማ ንጥረ ነገሮች ይወገዳሉ፤ በኮስቲክ ሶዳ አሲድነቱ ይስተካከላል፤ በልዩ የሸክላ አፈር ቀለሙ ይነጣል፤ በመጨረሻም አየር በሌለበት ጋን ውስጥ ከ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት እንፋሎት እያለፈበት ሽታው ይወገዳል። በኮስቲክ ሶዳ የሚደረገው ማስተካከያ በዘይቱ ውስጥ የገባ አፍላቶክሲን ቢኖር እርሱንም ያስወግዳል።

ማጣራት ዘይቱ ረጅም ጊዜ እንዲቆይ የሚያደርግ ቢሆንም መዓዛውንና ከተፈጥሯዊ ንጥረ ነገሮቹ የተወሰኑትን ይወስድበታል። ከንጹህና ጤናማ ዘር በጥንቃቄ የተጨመቀ ዘይት ሳይጣራም ሊበላ ይችላል። ከተበላሸ ዘር የተገኘ ዘይትን ግን ጨርቅ አያድነውም።

የትኛው ዘዴ ለማን?

ከላይ ከተዘረዘሩት ነጥቦች መረዳት እንደሚቻለው ለሁሉም የሚስማማ አንድ ዘዴ የለም። በወፍጮ ቤት ርቀት ለሚገኝ የገጠር ማኅበር፣ ሰሊጥ፣ ለውዝ ወይም ኑግ ለሚጨምቅ አነስተኛ ድርጅት ተመራጩ ጠመዝማዛ መጭመቂያ ነው። ዘሩ ዘይት የበዛበት በመሆኑ ብክነቱ አነስተኛ ነው፤ ፋጉሎውም በአካባቢው ገዢ አያጣም። እንዲህ ላለው ድርጅት ምርቱን ለማሳደግ ቅርብ የሆነው መንገድ ዘሩን ማበጠር፣ ማድረቅና ማሞቅ፣ እንዲሁም የተበሉ የማሽን ክፍሎችን በወቅቱ መለወጥ ነው።

አኩሪ አተርና የጥጥ ፍሬን ለማቀነባበር የሚነሳ ባለሀብት ግን ከአሟሚ ዘዴ ውጭ ትርፋማ ለመሆን ይከብደዋል። ከፍተኛ መዋዕለ ንዋይ፣ የሰለጠነ ባለሙያ፣ የእሳት አደጋ ጥበቃና የማጣሪያ ክፍል የግድ ያስፈልጉታል። በ2013 ዓ.ም. በአማራ ክልል ቡሬ ከተማ እንደተመረቀው ያሉ ትላልቅ የዘይት ፋብሪካዎች በአገር ውስጥ ዘር በሙሉ አቅማቸው ሊሠሩ የሚችሉት የአርሶ አደሩ ምርትና አቅርቦት አብሯቸው ሲያድግ ነው። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከልን የመሰሉ ተቋማት ያወጧቸው እንደ ፎገራ፣ እስቴ፣ ኩዩና ሻምቡ ያሉ የተሻሻሉ የኑግ ዝርያዎች ለማሳው መሻሻል የሚያገለግሉ ናቸው።

በዓመት ከ180 ቀናት በላይ የሚጾም ምእመን ባለበት አገር የዘይት ዋጋ የብዙኃኑን ማዕድ በቀጥታ የሚነካ ጉዳይ ነው። ከእያንዳንዱ ኩንታል በፋጉሎ ውስጥ የሚቀረውን ጥቂት ሊትር ማዳን አዲስ ማሳ አይጠይቅም፤ ዝናብም አይጠብቅም። የሚጠይቀው በመጋዘኑ፣ በማበጠሪያውና በመጭመቂያው ዘንግ ላይ የሚደረግ የዕለት ተዕለት ጥንቃቄ ነው።